ባለ ቅድሚያው ምን ግዴታ አለበት?

ባለፈው ሐምሌ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ የ12 ዓመት ልጄ በምትወዳደርበት ሐይቅ ዳር ቆሜ ሁለት ትንንሽ የሸራ ጀልባዎች ሲጋጩ ተመለከትሁ። አንደኛዋ የልጄ ነበረች፤ ሁለተኛዋን የሚነዳት ደግሞ ከእርሷ በአንድ ዓመት የሚያንስ ልጅ ነው። ልጄ ነፋሱን በቀኝ ጎኗ ትቀበል ስለ ነበር ቅድሚያው የእርሷ ነው፤ መራቅ የነበረበት ልጁ ነው። «ስታርቦርድ!» ብላ ሦስት ጊዜ ስትጮኽ ከዳር ሆኜ ሰማኋት። አቅጣጫዋን ግን አልቀየረችም። ልጁ የገዛ ሸራው ጋርዶት ስለ ነበር ያያት እጅግ ዘግይቶ ነው። ጀልባዎቹ ሲላተሙ እጁ በመካከል ገብቶ አንድ ጣቱ ተሰበረ፤ የልጄ ጀልባም ጎኗ ተሰነጠቀ።

ከሰዓት በኋላ የአቤቱታ ሰሚው ኮሚቴ ተሰየመ። ልጄ ለአካለ መጠን ስላልደረሰች ከኋላዋ ተቀምጬ እንዳዳምጥ ተፈቀደልኝ። የልጁ ውጤት ተሰረዘ፤ ይህን ጠብቄው ነበር። ያልጠበቅሁት ከዚያ በኋላ የሆነውን ነው። ሰብሳቢዋ ወደ ልጄ ዞር ብለው «እንደማይርቅ ያወቅሽው መቼ ነው?» ሲሉ ጠየቋት። ልጄ እውነቱን ተናገረች፤ «ሁለተኛ ጊዜ ስጮኽ ቀና ብሎ አላየኝም፤ ያን ጊዜ ዐወቅሁ» አለች። «ለመዞር ጊዜ ነበረሽ?» «አዎ፤ ነገር ግን ቅድሚያው የእኔ ነበር።» የልጄም ውጤት ተሰረዘ።

አልደብቅም፣ ተናደድሁ። ጠዋት ከቤት ስትወጣ «መብትሽን አትልቀቂ» ብዬ የምሸኛት እኔ ነኝ። በሰው አገር ልጅ የሚያሳድግ ወላጅ ከሚሰጠው ምክር ሁሉ ይህ ሳይቀድም አይቀርም፤ ዝም ያለ እንደሚረገጥ፣ አንገቱን የደፋ እንደሚታለፍ በራሳችን ደርሶ አይተናል። ስለዚህ ፍርዱ መብቷን በማስከበሯ የተቀጣች አስመሰለብኝ። ማታ የውድድሩን ደንብ አውጥቼ ማንበብ ጀመርሁ፤ ለይግባኝ የሚሆን ቀዳዳ ፍለጋ ነበር። ቀዳዳ አላገኘሁም። ያገኘሁት የተሳሳትሁት እኔ መሆኔን ነው፤ ስሕተቴም ስለ ጀልባ ካለማወቅ ብቻ የመጣ አልነበረም።

ፍሬን የሌለው ሜዳ

ስፖርቱን በቅርብ ለማያውቁት አንባብያን ጥቂት ማብራሪያ ያስፈልጋል። ታዳጊዎች የሚጀምሩባት ኦፕቲሚስት የተባለችው ጀልባ ርዝመቷ 2.36 ሜትር ነው፤ ባዶ አካሏ 35 ኪሎ ግራም ይመዝናል፤ ተወዳዳሪዎቿ ከ15 ዓመት አይበልጡም። በኦሎምፒክ የምትታወቀው ኢልካ፣ በቀድሞ ስሟ ሌዘር፣ ከ4 ሜትር ጥቂት ትበልጣለች። ሁለቱንም የሚነዳቸው አንድ ሰው ነው፤ ሞተርም ፍሬንም የላቸውም። የሸራ ጀልባ ወደ ነፋሱ ምንጭ በቀጥታ መሄድ ስለማትችል ግራና ቀኝ እየተጠማዘዘች ትጓዛለች። 40 ጀልባዎች ከአንድ መስመር ተነሥተው እንዲህ ሲጠማዘዙ መንገዳቸው መላልሶ ይሻገራል።

ይህን ሁሉ መሻገር የሚገዛው የዓለም አቀፉ ፌዴሬሽን፣ ወርልድ ሴይሊንግ፣ በየአራት ዓመቱ እያሻሻለ የሚያወጣው ደንብ ነው፤ አሁን በሥራ ላይ ያለው ከ2025 እስከ 2028 እ.ኤ.አ. ያገለግላል። የቅድሚያ ሥርዐቱ መሠረት ሦስት ድንጋጌዎች ናቸው። ነፋሱን በግራ ጎኗ የምትቀበል ጀልባ በቀኝ ጎኗ ለምትቀበለው ትርቃለች። በአንድ በኩል ነፋስ እየተቀበሉ ጎን ለጎን ከሚሄዱት መካከል ለነፋሱ ምንጭ የቀረበችው ለሌላዋ ትርቃለች። ከኋላ የምትመጣ ከፊት ላለችው ትርቃለች።

እዚህ ድረስ ከመንገድ ትራፊክ ሕግ ብዙ አይለይም። ልዩነቱ የሚጀምረው አስከባሪውን ስንፈልግ ነው። በአብዛኛው የትንንሽ ጀልባ ውድድር ፊሽካ የሚነፋ ዳኛ ውኃው ላይ የለም። ደንቡ በመግቢያው የሚያስቀምጠው መሠረታዊ መርሕ፣ ተወዳዳሪዎች ደንቡን እንዲያከብሩ ብቻ ሳይሆን እንዲያስከብሩም ይጠበቃል፤ ደንብ የጣሰም ተገቢውን ቅጣት ሳይዘገይ ራሱ ይወስዳል የሚል ነው። በዚህ ሥርዐት ስፖርታዊ ጨዋነት ማስከበሪያው ራሱ ነው። እርሱ ከላላ የቀረው ድንጋጌ ሁሉ ወረቀት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ሥርዐቱ በሦስት ሰዎች ላይ ይቆማል፤ ቅድሚያ ባለው፣ ጥፋት በሠራውና ጥፋቱን ባየው ሰው ላይ። የእያንዳንዳቸውን ድርሻ በተራ እንመልከት።

መዞር መብትን መልቀቅ አይደለም

ልጄን ያስቀጣት ድንጋጌ አጭር ነው፤ ማንኛዋም ጀልባ፣ ቅድሚያ ያላትም ብትሆን፣ በተቻለ መጠን ግጭትን ማስወገድ አለባት። ባለ ቅድሚያዋን የሚመለከቱ ሁለት ማለዘቢያዎች አሉት። አንደኛ፣ ሌላዋ ጀልባ እንደማትርቅ ግልጽ እስኪሆን ድረስ ምንም ማድረግ አይጠበቅባትም። ሁለተኛ፣ ንክኪው ጉዳት ካላስከተለ፣ ሰውም ካልቆሰለ፣ በዚህ ድንጋጌ አትቀጣም። ሰብሳቢዋ ልጄን የጠየቋት ጥያቄ ከየት እንደ መጣ የገባኝ ይህን ሳነብ ነው። ጣት ተሰብሯል፤ ጎን ተሰንጥቋል። የቀረው ጥያቄ መቼ ዐወቅሽ፣ መዞርስ ትችይ ነበር የሚል ብቻ ነው።

ድንጋጌው ሁለት አደጋዎችን በአንድ ጊዜ ይመዝናል። ባለ ቅድሚያው ገና ከሩቅ ስጋት ባየ ቁጥር እንዲሸሽ ቢገደድ ኖሮ ውድድሩ የደፋሮች ይሆን ነበር፤ ቅድሚያ የሌለው ሰው ፊቱን ቀጥ አድርጎ በመምጣት ብቻ ሌላውን ከመንገድ ያስወጣል። በሌላ በኩል ባለ ቅድሚያው ምንም ግዴታ ባይኖርበት፣ የሌላውን ስሕተት በአካል ጉዳት መቅጣት የተፈቀደ ይሆናል። ደንቡ በሁለቱ መካከል አንዲት ቅጽበት ያስቀምጣል፤ ስሕተቱ ግልጽ የሆነበትን ቅጽበት። ከዚያ በፊት መብትህን ይዘህ ትሄዳለህ፤ ከዚያ በኋላ ግን ግጭቱን የመከላከል ኀላፊነት የአንተም ነው። ታላላቅ መርከቦችን የሚገዛው የ1972 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፍ የግጭት መከላከያ ደንብም ተመሳሳይ ግዴታ ይጥላል፤ የሌላው መርከብ እርምጃ ብቻውን ግጭቱን እንደማያስቀር ከታየ፣ መንገዱን ይዞ እንዲቀጥል የተፈቀደለት መርከብም እርምጃ መውሰድ አለበት።

የእኔን ቁጣ ያበረደው ግን ሌላ ነገር ነው። ብዙ ወላጆች፣ እኔንም ጨምሮ፣ ልጁ ጥፋተኛ መሆኑ የሚረጋገጠው ግጭት ሲኖር ነው ብለን እናስባለን፤ የዞረ ሰው ማስረጃውን ያጣ ይመስለናል። በደንቡ ትርጉም ግን አንዲት ጀልባ «ራቀች» የሚባለው፣ ባለ ቅድሚያዋ ለመሸሽ ሳትገደድ መንገዷን መቀጠል ስትችል ነው። በሌላ አነጋገር ልጄ ለማምለጥ ብትዞር ኖሮ፣ መዞሯ ራሱ የልጁ ጥፋት ማስረጃ ይሆን ነበር። መብቷ አይጠፋም፤ አቤቱታዋ ሙሉ ነው፤ ጣትም አይሰበርም። ስለዚህ «መብትሽን አትልቀቂ» የሚለው ምክሬ የተሳሳተው መብትን በማክበሩ ሳይሆን፣ መብት የሚጠበቀው አቅጣጫን ባለመቀየር ነው ብሎ በማሰቡ ነው።

የደንቡ ቀሪ ክፍሎችም በዚሁ መንፈስ የተጻፉ ናቸው። በገዛ እንቅስቃሴዋ ድንገት ቅድሚያ ያገኘች ጀልባ፣ ሌላዋ ለመራቅ የሚበቃት ቦታ በመጀመሪያ መስጠት አለባት። ቅድሚያ ያላት ጀልባ አቅጣጫ ስትቀይርም እንዲሁ። መብትን ሰው ባላሰበው ሰዓት መዝዞ ማጥመጃ ማድረግ አይፈቀድም።

ራሱን የሚቀጣ ጥፋተኛ

ሁለተኛው ሰው ጥፋት የሠራው ነው። ፈጥኖ ከሌሎች ይርቅና ጀልባውን በአንድ አቅጣጫ ሁለት ሙሉ ዙር ያዞራል፤ ከዚያ ውድድሩን ይቀጥላል። ከሳሽም ፍርድ ቤትም አያስፈልግም።

ይህ በጨዋነት ላይ ብቻ የተመሠረተ አይደለም፤ ስሌትም አለበት። 40 ጀልባዎች በተመዘገቡበት ውድድር 5ኛ ላይ ያለ ልጅ እንውሰድ። ነጥቡ ከደረጃው ጋር እኩል ነው፤ ያነሰ ያሸንፋል። ጥፋቱን እዚያው አምኖ ሁለት ጊዜ ቢዞር ጥቂት ጀልባዎች ያልፉታል፤ 8ኛ ወይም 10ኛ ሊወጣ ይችላል። ውኃው ላይ አድበስብሶ 5ኛ ቢገባና ወደ ዳር ከተመለሰ በኋላ፣ ችሎት ከመሰየሙ በፊት ቢያምን፣ አዘጋጆቹ የሽምግልናውን ተጨማሪ ደንብ ተቀብለው ከሆነ 30 በመቶ የነጥብ ቅጣት ይጣልበታል፤ 12 ደረጃ ተጨምሮበት ነጥቡ 17 ይሆናል። እስከ መጨረሻው ተከራክሮ ቢረታ ግን 41 ነጥብ ይያዝበታል። እውነት ፈጥና ስትነገር ርካሽ ናት፤ በዘገየች ቁጥር ዋጋዋ ይንራል። ሰዎች እንዲታመኑ የሚፈልግ ተቋም ሁሉ ሊያጠናው የሚገባ የዋጋ ተመን ነው እላለሁ። ብዙ ተቋማት ግን ተቃራኒውን ያደርጋሉ፤ ቀድሞ ያመነውን በሙሉ ክብደቱ ይቀጡና፣ የካደውን ማስረጃ ጠፋ ብለው ያሰናብቱታል።

ተመኑ ግን ጥፋትን የመሸጫ ዋጋ እንዳይሆን ገደብ ተበጅቶለታል። ጥፋቱ ሰው ካቆሰለ ወይም ከባድ ጉዳት ካደረሰ፣ ወይም አጥፊው ሁለቱን ዙር ዞሮም ቢሆን ጉልህ ጥቅም አግኝቶበት ከሆነ፣ ያለው አማራጭ ከዚያ ውድድር መውጣት ብቻ ነው። ዞሬ እከፍላለሁ ብሎ አስቦ ማጥፋት አይቻልም።

ያየ ሰው ይናገር

ሦስተኛው ሰው ምስክሩ ነው፤ ለእኛም የሚከብደን እርሱ ይመስለኛል። በጥፋቱ ውስጥ የነበረ ወይም ጥፋቱን ያየ ተወዳዳሪ «ፕሮቴስት!» ብሎ ወዲያው ይጮኻል። ትንንሾቹ ጀልባዎች ርዝመታቸው ከ6 ሜትር በታች ስለሆነ፣ ከትልልቆቹ እንደሚጠየቀው ቀይ ሰንደቅ ማውጣት እንኳ አያስፈልጋቸውም፤ ድምፅ ይበቃል። የጥሪው ዓላማ አጥፊው እዚያው እንዲዞር ዕድል መስጠት ነው፤ ካልዞረ ነገሩ ወደ ኮሚቴው ይሄዳል።

ይህ ለኛ ባዕድ መሆን አልነበረበትም። በአገራችን የሙግት ወግ «በሕግ አምላክ!» የተባለ ሰው ባለበት ይቆም ነበር። ፖሊስ ሳይኖር፣ ከሳሽና ተከሳሽ ነጠላቸውን አቆራኝተው አብረው ወደ ዳኛ ይሄዱ ነበር፤ መንገደኛውም ዳኛ ሆኖ ይቀመጥ ነበር። ሕጉን በተራ ሰው ድምፅ የማስከበር ልማድ ነበረን። ከዚያ ጎን ለጎን ግን ይሉኝታም አለን። ባልንጀራን መክሰስ ከጠብ ይቆጠራል፤ የተከሰሰም እንደ ተሰደበ ያስባል። በሐይቁ ዳር ያየኋቸው የሌላ አገር ወላጆችም ከዚህ ነጻ አይደሉም። «ለልጆች ጨዋታ ምን ክስ ያስፈልገዋል?» ሲሉ ደጋግሜ ሰምቻለሁ።

ዝምታው ግን ደግነት አይደለም። ማንም በማይከስበት ክበብ ውስጥ፣ ጥፋቱን አምኖ የሚዞር ልጅ በየሳምንቱ ደረጃ ያጣል፤ የማይዞረው ያሸንፋል። በአንድ የውድድር ዘመን ውስጥ ሐቀኞቹ ሞኝነታቸውን ይማራሉ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው አስከባሪ የጀልባው አካል ራሱ ነው፤ ሰው መብቱን በመግጨት ማስከበር ይጀምራል። ግጭት የሚበዛው አቤቱታ በበዛበት ሳይሆን አቤቱታ በታፈነበት ስፍራ ነው የምለው ለዚህ ነው። ልጄ ሦስት ጊዜ «ስታርቦርድ!» ብላ ጮኻለች፤ ያን ቀን «ፕሮቴስት!» ማለትን እንደ መውጫ መንገድ አላሰበችውም። ከእኔ የሰማችው አንዱን ብቻ ነውና።

ክሱ ወደ ሱስ እንዳይለወጥስ? ደንቡ ለዚህም መልስ አለው። ከሳሽ የችሎቱ ተካፋይ ነው፤ በምርመራው እርሱም ደንብ ጥሶ ከተገኘ ይቀጣል፤ በአቤቱታው ላይ ድንጋጌው ባይጠቀስ እንኳ። ልጄ በራሷ አቤቱታ የተቀጣችው እንዲህ ነው። ክስ የሚያቀርብ ሰው የራሱን ሥራም ለምርመራ ያቀርባል።

ጨዋነት ድክመት አይደለም

ይህን ሁሉ ሲሰሙ «እንዲህ ከሆነማ ማን ያሸንፋል?» የሚሉ አሉ። የሚጠቅሱትም የሲድኒውን ኦሎምፒክ ነው። በ2000 እ.ኤ.አ. በሌዘር ክፍል እንግሊዛዊው ቤን ኤይንስሊ የመጨረሻውን ውድድር የተጠቀመበት ራሱ ቀድሞ ለመግባት ሳይሆን፣ በነጥብ የሚበልጠውን ብራዚላዊውን ሮበርት ሼይትን ወደ ኋላ ለማስቀረት ነበር። ነፋሱን እየከለለ፣ መንገዱን እየዘጋ ያዘው። ነገሩ በአቤቱታ ችሎት ተቋጨ፤ የሼይት ውጤት ተሰረዘ፤ ወርቁን ኤይንስሊ ወሰደ። ብዙዎች አልወደዱትም። እኔ ግን ከክርክሬ ጋር የሚጋጭ ሆኖ አላገኘሁትም። ደንቡ ተፎካካሪን በስልት መጫንን አይከለክልም፤ የሚከለክለው ማቁሰልን፣ መስበርንና ሆን ብሎ መጣስን ነው። የከረረ ፉክክርና ጨዋነት አብረው መኖር የሚችሉት ወሰናቸው አስቀድሞ ስለ ተጻፈ ነው።

የሌላኛው ጫፍ ምሳሌ ካናዳዊው ሎረንስ ለሚዩ ነው። በ1988 እ.ኤ.አ. የሶል ኦሎምፒክ፣ የጀልባው ውድድር በፑሳን ባሕር ላይ ሲካሄድ፣ በፊን ክፍል ሁለተኛ ሆኖ በመጓዝ ላይ ሳለ የሁለት ሲንጋፖራውያን ጀልባ ተገልብጣ አየ። ውድድሩን ትቶ ሁለቱንም ከውኃ አወጣቸው፤ ረዳት ጀልባ እስኪደርስላቸውም አብሯቸው ቆየ። ሜዳልያ ሳያገኝ ቀረ። ዳኞቹ ግን በዚያ ውድድር የነበረበትን ሁለተኛ ደረጃ መለሱለት፤ የፒየር ደ ኩበርታን ሜዳልያም ተሸለመ። ታሪኩ የሚተረከው ስለ አንድ ሰው ልብ ነው፤ እኔን የሚገርመኝ ግን ከልቡ ጀርባ ያለው ደንብ ነው። በአደጋ ላይ ያለን መርዳት ለማንኛውም ተወዳዳሪ ግዴታ ነው፤ በመርዳቱ የተጎዳም ውጤቱ እንዲካካስለት መጠየቅ ይችላል። ሰው በጎ ሲሠራ እንዳይከስር አስቀድሞ ታስቦበታል።

ምን ይደረግ?

ከአደጋው በኋላ በክበባችን ስብሰባ ላይ የቀረበው የመጀመሪያ ሐሳብ ዳኞች በሞተር ጀልባ ይከተሉ የሚል ነበር። በጥቂት ጀልባዎች ውድድር ይህ ይሠራል። ጀልባን በመወዝወዝና ሸራን በመሳብ ፍጥነት የሚሰርቁትን ለመቆጣጠርም ጠቃሚ ነው። 40 ልጆች በሚጠማዘዙበት ውኃ ላይ ግን ሁለት ዳኞች ሁሉን ማየት አይችሉም። ከዚህም የከፋው፣ ልጆቹ «ጥፋት ሠራሁ ወይ?» ብለው ራሳቸውን መጠየቅ ትተው «ዳኛው አየኝ ወይ?» ማለት ይጀምራሉ።

እኔ የምመርጠው ሦስት ቀላል ነገሮችን ነው። አሠልጣኞች የቅድሚያን ደንብ ባስተማሩበት ቀን የግጭት መከላከሉን ግዴታ አብረው ያስተምሩ፤ «ስታርቦርድ!» ማለትን የተማረ ልጅ በዚያው ዕለት ዞሮ «ፕሮቴስት!» ማለትን ይለማመድ። ክበቦች የሽምግልናውን ተጨማሪ ደንብ ይቀበሉ፤ ችሎቱም በዚያው ዕለት፣ በአጭሩና በግልጽ ይካሄድ።

ሦስተኛው ወላጆችን ይመለከታል። ከ2017 እ.ኤ.አ. ወዲህ ደንቡ ወላጅንም ከአሠልጣኙ ጋር ደጋፊ ብሎ ይቆጥረዋል፤ ለደንቡ ተገዢ ነው፤ ተጠንቀቅ ተብሎ ጥፋቱን ቢደግም ልጁ ሊቀጣበት ይችላል። እኔ በዳር ቆሜ አልጮኽሁም፤ ማንንም አልሰደብሁም። ነገር ግን ያን ግጭት ያመጣው ምክር ከቤቴ የወጣ ነው። ለልጆቻችን መብታቸውን ስናስተምር፣ መብቱ ሲጣስ የሚሄዱበትን መንገድ አብረን ካላስተማርናቸው፣ የሰጠናቸው ግማሹን ብቻ ነው። ግማሹ ደግሞ፣ እንዳየሁት፣ የሰው ጣት ይሰብራል።

በመስከረም መጀመሪያ ልጄ እንደገና ተወዳደረች። ከአንደኛው ውድድር ስትመለስ 9ኛ መውጣቷን ነገረችኝ፤ 6ኛ ላይ ነበረች። ምን ሆነሽ ነው ብዬ ጠየቅኋት። አንድ ልጅ ቅድሚያዋን ሳያከብር መጣባት፤ በጀርባው ዞራ አለፈች፤ «ፕሮቴስት!» አለችው፤ እርሱም ሁለት ጊዜ ዞረ። ይህን ስትነግረኝ የመንሳፈፊያ ጃኬቷን እየፈታች ነበር፤ ከዚያ የሚበላ ነገር ይዤ እንደሆነ ጠየቀችኝ።